ለድምፁ ሲባል የተቀየረ ማርሚታ

ልጅ እያለሁ ዳንግላ ውስጥ የግል መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከእነዚያ አንዱ አባቴ ነው። እኩዮቼ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካል። ሰኞ ማክሰኞ የዘለልንበትን ሜዳ፣ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ሽታ፣ የመስከረሙን እሸት ያነሳሉ። እኔም አነሳለሁ፤ አልዋሽም፣ ይናፍቀኛል። ወሬው ወደ አባዬ ቮልስ ዞሮ "እንዴት ያለች መኪና ነበረች" ሲባል ግን ደሜ ይፈላል። ይኸው ፀጉሬ ነጥቶም ይፈላል። ምክንያቱን ለቤተሰቤ ደጋግሜ ነግሬያለሁ፤ የሰማኝ ጥቂት ነው። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ጊዜው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም ነው። አባዬ የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበር። መኪናዋን የገዛት ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው። ሰማያዊ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ እንደ ሌላው መኪና ውኃ አይጨመርባትም፣ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው። አባዬ ቤታችን የመጣውን እንግዳ ሁሉ ወደ ግቢ አውጥቶ ይህንኑ ያስረዳ ነበር። "የሌላው መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ውኃ ሲለምን የእኔዋ ነፋሷን ጠጥታ ትወጣለች" ይላል። እንግዳውም እጁን አፉ ላይ ይጭናል።

ለእኔ ትልቁ ተአምሯ ማሞቂያዋ ነበር። እማዬ የቆሰበር ልጅ ናት፤ ዛሬ እንጅባራ የሚሉት ማለት ነው። ዘመዶቿ ሁሉ እዚያ ስለነበሩ በዓል በመጣ ቁጥር ወደዚያ እንወጣለን። የቆሰበርን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭጋጉ የቀርከሃ አጥሩን ውጦት ይውላል፣ ጣት ይቆረጥማል። እኛ ግን መኪናው ውስጥ እግራችን ሥር ሞቅ ያለ አየር ይነፍስልናል። አሠራሩን አባዬ አሳይቶኛል። ሞተሩ ላይ ያለው ማራገቢያ አየር ይገፋል፤ አየሩ በሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ወርዶ፣ የጋለውን የጭስ መውጫ ብረት ባቀፈ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያልፍና ሞቆ ወደ እኛ ይመጣል። ጭሱና አየሩ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይገናኙም። መገናኘትም የለባቸውም።

ከዕለታት አንድ ቀን አዲስ አበባ ያለ የአባዬ ጓደኛ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ማርሚታ፣ የሞተሩ ጭስ የሚወጣበትን በርሜል መሳይ ብረት፣ ላከለት። መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ዓይነት አይደለም፤ ሌላ ሰው ለጌጥና ለድምፅ ያወጣው ነው። የሚያብለጨልጭ፣ ሁለት አፍ ያለው። የድሮው ማርሚታ ምንም አልሆነም ነበር። አልተበሳ፣ አልዛገ። ጥፋቱ አለመጮሁ ብቻ ነው።

አባዬ ሲገጥመው እኔ ከግቢው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቅልልቦሽ እጫወት ነበር። አዲሱ ማርሚታ ወፍራምና ጠማማ ስለሆነ የማሞቂያ ቱቦዎቹ የሚያልፉበት ቦታ ላይ ተጋደመ። አንዱን ቱቦ በግድ አጥፎ በማርሚታው ዙሪያ አሾለከው። ሌላው አልደርስ ሲለው ጎትቶ፣ ከራሱ ከማርሚታው ጋር በሽቦ አሰረው፤ እንዳይግል ብሎ ጆንያ ጠቀለለበት። የሣጥኑ አፍ አልገጥም ሲል በመዶሻ ቀጠቀጠው፤ የቀረውን ክፍተት በጨርቅ ወተፈው። እማዬ ከጓዳ ወጥታ ስታይ ቆየችና፣

"ያ ቱቦ የጋለ ብረት ተደግፎ ሲሄድ አይቃጠልም ይላሉ?" አለችው።

"አንቺ ወጥሽ እንዳያርርብሽ እዪ" አላት፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቮልሷ ስትነሳ ሰፈሩ ይደነግጣል። አገሩ የፈረስ አገር ነው፤ ገበያተኛው በፈረስ ይመጣል። አባዬ ከኋላቸው ደርሶ ቤንዚኑን ሲረግጠው ፈረሶቹ ደንብረው ሸክማቸውን ቦይ ውስጥ ይጥላሉ፤ እሱ መሪውን እየደበደበ ይስቃል። መኪናው ውስጥ ደግሞ አዲስ ሽታ መጣ፤ ጉሮሮ የሚይዝ፣ የተቃጠለ ላስቲክና ቤንዚን የተቀላቀለበት። "የአዲሱ ብረት ቀለም ነው፣ ይለቃል" አለ። በሄድን ቁጥር ራሴን ያመኝ ጀመር። እሱ ለሰው "እሷን መኪና አይስማማትም" ይላል።

በክረምቱ የሐምሌ ሥላሴን ከእናቴ ዘመዶች ዘንድ ልናከብር ቆሰበር ወጣን። እማዬ፣ እኔ፣ ገና ድክ ድክ የሚለው ወንድሜ አንዱዓለምና አባዬ ነን። በማግስቱ ወደ ዳንግላ ስንመለስ ዝናቡ ሰማይ የተቀደደ ይመስል ነበር። ከከተማው ወጣ እንዳልን አንዲት ሴት ነጠላቸውን ተከናንበው በባዶ እግራቸው ጭቃውን ሲያቋርጡ አየን። እትዬ ስመኝ ነበሩ። ዳንግላ ዳር ላይ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ የቤታችን ድስትና ጋን የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ሰፈሩ "ሸክላ ሠሪዋ" ይላቸዋል፤ ከዕቃቸው ይገዛል፣ ቤቱ ግን አያስገባቸውም። ለዘመድ ልቅሶ ሄደው እየተመለሱ ነበር።

እማዬ "ይቁሙላቸው" አለች። አባዬ ፊቱን አጨማደደ፤ ግን ቆመ። እትዬ ስመኝ ከኋላ ከእኔ ጋር ተቀመጡ። እየተንቀጠቀጡ ሁለት እጃቸውን ሞቃቱ አየር ወደሚወጣበት ዘረጉና ሳቁ። ከእማዬ ጋር በአገውኛ ያወራሉ፤ እኔም ሁለቱንም ቋንቋ ስለማውቅ እሰማለሁ። አባዬ አገውኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ ለማወቅም ፈልጎ አያውቅም። እማዬ ጭን ላይ የተቀመጠውን አንዱዓለምን አይተው በተሰባበረ አማርኛ "እንዴት ያለ ልጅ ነው፤ ያሳድግልሽ" አሉ። ይህችን ምርቃት ያዙልኝ፤ በኋላ ምስክር ሆና የቀረበችባቸው እሷው ናት።

ትንሽ እንደሄድን ጉልበቴ እንደ ጥጥ ሆነ። ራሴን ይፈልጠኛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። የአንዱዓለም ጉንጭ ቀላ፤ እማዬ ሙቀቱ ተስማምቶት መሰላት። እትዬ ስመኝ ግንባራቸውን ይዘው በአገውኛ፣ "ልጄ፣ ራሴን ሊሰነጥቀኝ ነው፤ ልቤም ዞረብኝ። ያን መስታወት ትንሽ ቢከፍቱልን" አሏት።

"መስታወቱን ይክፈቱልን ይላሉ" አለች እማዬ ለአባዬ። "ራሳቸውን አሟቸዋል። እኔንም እያመመኝ ነው።"

"ዝናቡ ወንበሩን ያበስብሰው? ልትደርሱ ነው፤ ቻሉት።"

እሱ በበኩሉ ሲጋራ ስለሚያጨስ የራሱን መስታወት የስንጥቅ ያህል ከፍቶ አፍንጫውን ወደዚያው አድርጎ ነበር።

ዳንግላ ዳር ስንደርስ እትዬ ስመኝ ወረዱ። በትንሿ የኋላ መስታወት ዞሬ አየኋቸው፤ አጥር ተደግፈው ጎንበስ ብለው ያስመልሳሉ። አባዬ አልዞረም። ቤታችን ስንደርስ እማዬ ከመኪናው እንደወረደች ደጃፉ ላይ ወደቀች። አንዱዓለም እንደ እርጥብ ጨርቅ በእጇ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዓይኑን አይገልጥም። እኔ ደፉ ላይ አስመለስኩ። አባዬ ጮኸ።

ያኔ ዳንግላ አንድ ሰው ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ የሚደርስባት ከተማ ነበረች። ሰው ይህን ሲያስታውስ እንባው ይመጣል፤ "ያኔ ጎረቤት ነበር" ይላል። አዎ፣ ነበር። ደረሱ። እማዬን አንስተው አስገቡ፣ ልጁን ተቀበሉ፣ እኔን አቀፉ። ከዚያ አንዲት ጎረቤታችን፣ "መንገድ ላይ ማን አብሯችሁ ነበር?" ብላ ጠየቀች።

አባዬ የመለሰውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ሸክላ ሠሪዋ ነበረች። ሚስቴ ናት ጫናት ያለችኝ። ሴትዮዋ ልጁን አይታ አደነቀችው፤ መንገዱን ሙሉ በማላውቀው ቋንቋ ስታነበንብ ነው የመጣችው።"

መስታወት ይከፈት ብለው መለመናቸው ነው እንግዲህ ማነብነብ የሆነው። እማዬ ነግራዋለች፤ በአማርኛ ነግራዋለች።

ቤቱን ዘጉት። የቡዳ መድኃኒት ነው ብለው ሥራ ሥር፣ ያረጀ ቆዳና የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ፍም ላይ አድርገው አጠኑን። ጭስ ያፈነንን ሰዎች በር ዘግተው በጭስ አጠኑን። እማዬ ሳል እየገደላት እጇን ወደ በሩ ትዘረጋለች፤ እነሱ "ይኸው ሊያስለፈልፋት ነው" ይላሉ። በዚህ መካከል ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ሄዱ።

እትዬ ስመኝን እየገፉ አመጧቸው። ነጠላቸው የለም፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ከቀሚሳቸው ጫፍ በቢላዋ ቆርጠው ፍሙ ላይ ጣሉት። "ልጁ ላይ ትፊበት!" አሏቸው። እሳቸው ግድግዳ ይዘው፣ በማይቀናቸው አማርኛ፣ "እኔም እኮ አሞኛል፤ ከመኪናው ጀምሮ አሞኛል" አሉ። አንዱ ሳቀ። "ቡዳም ይታመማል እንዴ?" አለ።

እኔ ከተኛሁበት ተነስቼ፣ "እሳቸውም አስመልሷቸዋል፣ አይቻለሁ፤ መስታወት ይከፈት ነው ያሉት" አልኩ። ያቀፈችኝ ሴትዮ አፌን በእጇ ያዘችው። "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" አለች፣ ለሌሎቹ ፈገግ ብላ። አባዬን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

እትዬ ስመኝ ተፉ። እሳቸውን ለማስገባት የተከፈተው በር አልተዘጋም ነበርና ነፋሱ ሽው ብሎ ገባ፣ ጭሱ ወጣ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዱዓለም አለቀሰ። "ለቀቀው፣ ለቀቀው" ተባለ፤ እልል ተባለ። ያተረፈን የተከፈተው በር ነው። ለእነሱ ግን ማስረጃው ተሟላ። እትዬ ስመኝን ወደ ቤታቸው ሲመልሱ እሳቸው በእሳት ሊተኩሱት ደርድረውት የነበረውን ሸክላ ሁሉ በዱላ ሰባበሩት። ይህን ያደረጉት ሰዎች ክፉዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። በማግስቱ ገንፎ ይዘው እኛን ሊጠይቁ መጡ።

ጠዋት አባዬ የሞተሩን ክዳን ከፈተ። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። በማርሚታው ላይ ያሰረው ቱቦ ቀልጦ ተበስቷል፤ ጆንያው ከስሏል፤ በመዶሻ የቀጠቀጠው መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ጥላሸት ወጥቶ ወደ ሣጥኑ አፍ፣ ወደ ውስጥ፣ ገብቷል። ንጹሑ አየር በመንገድ ቀርቶ በምትኩ ጭሱ ወደ እኛ ሲመጣ ነበር። ልጅ ብሆንም ገባኝ፤ እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ቆሞ ቆሞ ክዳኑን ዘጋ። ዞር ሲል አየኝ፤ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ለማንም እንዳትናገሪ፣ የኔ ልጅ" አለኝ።

በቀጥታ ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት።

እማዬ ገና መቆም አልቻለችም ነበር። ጋቢዋን ተከናንባ፣ ግድግዳ እየያዘች ወጣች፤ ክዳኑን ራሷ ከፈተች፤ ቱቦውን ከነሽቦው መንጭቃ አወጣችው። እጇ ጠቆረ። ከተጋቡ ጀምሮ አባዬን አንቱ ስትለው የኖረች ሴት ናት።

"አይተኸዋል?" አለችው።

አባዬ ከቱቦው ይልቅ "አይተኸዋል" ባለችው የደነገጠ ይመስለኛል። "አይቼዋለሁ" አለ።

"ታዲያ ለምን ቆመሃል? ሂድና ተናገር።"

"ምን ብዬ? ሚስቴንና ልጆቼን በገዛ እጄ ላፍናቸው ነበር ልበል? የማዛቸው ሠራተኞች ምን ይሉኛል?"

"ያደረግኸውን ይሉሃል።"

"ተዪው፤ ነገሩ ይበርዳል። ሰው ይረሳዋል።"

 እማዬ ትንሽ ስትበረታ አንዱዓለምን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ፣ ቱቦውን በነጠላዋ ጠቅልላ እትዬ ስመኝ ቤት ሄደች። ደጁ ሙሉ ስብርባሪ ነው። እሳቸው ያላቸውን ጥቂት ዕቃ በገመድ እያሰሩ ነበር። እማዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት። ቱቦውን አሳየቻቸው፤ የሆነውን ሁሉ በአገውኛ ነገረቻቸው፤ "ለሁሉም እናገራለሁ፣ አይሂዱ" አለቻቸው።

እትዬ ስመኝ የተቃጠለውን ቱቦ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። "ጭስ ነው ብትያቸው ጭሱን የላከችው እሷ ናት ይላሉ፣ ልጄ" አሏት። "አንቺ የቆምሽልኝን አልረሳም። ግን ነገ የሌላ ሰው ልጅ ሲያተኩሰው ወዴት ነው የሚመጡት? እዚሁ ነው።" የእኔን ጉንጭ ዳበሱ፤ አንዱዓለምን ግን አላዩትም። ሆን ብለው ፊታቸውን አዙረው ነበር። ትልቅ ሰው አንድ ሕፃን እንዳያይ ሲጠነቀቅ ያየሁት የዚያን ዕለት ነው፤ ከሁሉም እሱ ነው የማይወጣልኝ።

ወደ ቻግኒ በኩል ሄዱ አሉ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

እማዬ የገባችውን ቃል ጠበቀች። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እያያት ቱቦውን ከፍ አድርጋ ተናገረች። ያመኗት ነበሩ፤ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ሌሎቹ ልክ እትዬ ስመኝ እንዳሉት፣ "የቡዳ ዓይን እንኳን ቱቦ ብረት ይበሳል" አሉ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች አባዬን ጠየቁት። "እሷም ያለችው አለ፤ መኪናዋም ትንሽ እክል ነበረባት" አለ። ትንሽ እክል። ሽማግሌዎቹ በዚህች ረኩና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እማዬ ያን መኪና ረግጣው አታውቅም። ቆሰበር ስትሄድ በአውቶቡስ ወይም በበቅሎ ነው። አባዬን አንቱ ማለቷንም አልመለሰችም። እሱ የማሞቂያውን ቀዳዳዎች በጨርቅ ደፈናቸው፤ ማርሚታውን ግን አላወለቀም። መኪናዋ እስክትሸጥ ድረስ እየጮኸች ኖረች። በሌላው ነገር ደግ አባት ነበር፤ ትምህርት ቤት ያስገባኝ፣ ሲመሽ ራሱ ቁጭ ብሎ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ሲሞት አልቅሻለሁ። ንዴቴ ግን አብሮት አልተቀበረም።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው። ሚኒባሱ ከዳንግላ እንጅባራ ሳያስቡት ያደርሳል፤ ራሴን አመመኝ ያለ ተሳፋሪ መስታወቱን ራሱ ይከፍታል። የሸክላ ሠሪ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ፤ ከልጆቻችን ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ይህን ሁሉ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። ሰሞኑን ደግሞ የአንዱዓለም ልጅ አንድ መልካም ወጣት አገኘች፤ አስተማሪ ነው። ሽማግሌ ላከ። የወጣቱ አያት ሸክላ ይሠሩ እንደነበር ሲሰማ ወንድሜ ሽማግሌዎቹን መለሳቸው። አዎ፣ ያው አንዱዓለም፤ ጡረታ የወጣ፣ ጥቅስ የሚጠቅስ ሰው። "እኔ ራሴ በሕፃንነቴ ቡዳ በልቶኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት፤ አባታችን ነግሮኛል" አለ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ።

ስለ ቱቦው ነገርኩት። ስለ ማርሚታው፣ ስለ መስታወቱ፣ አጥር ተደግፈው ስላስመለሱት ሴት ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ "እትዬ፣ አርጅተሻል እኮ፤ ነገር ይምታታብሻል" አለኝ። ያኔ ልጅ ነሽ ብለው አፌን ያዙኝ፤ አሁን ደግሞ አርጅተሻል። መካከል ላይ የምደመጥበት ዕድሜ የትኛው እንደነበር እንጃ።

ልጅቷ ሐሳቧን አልለወጠችም። እኔም የሰርጉ ቀን ከሙሽራው ወገን እንደምቀመጥ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ተቆጥቷል። ይቆጣ።